መልስ በሰው አይላክም

አክስቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚሁ ሐዋሳ የሆድ ትላትልን ሲያጠኑ ነው። በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ስለ ምርምራቸው አወራ። እኔን የሚያስለቅሰኝ ግን የሐሙስ መንገዳቸው ነው። የልጇን ሰገራ ለምርመራ የሰጠች እናት ሁሉ ውጤቱን ሐሙስ ቤቷ ድረስ ሲመጡ ከራሳቸው አፍ ትሰማ ነበር፤ ትል ያልተገኘበት ልጅ እናት እንኳ ሳትቀር።

"ምንም የለበትም ለማለት ነው ቱላ ድረስ የሚደክሙት? ሰው አይልኩም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እሷ እኮ ጨንቋት ነው የምትጠብቀኝ። መልስ በሰው አይላክም" አሉና ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ።

ከቀብሩ በኋላ ደብተራቸውን ባዶ ወንበራቸው ፊት፣ ከማይክሮስኮፑ አጠገብ አገኘሁት። በውስጡ ከተመዘገቡት የልጇ ውጤት ያልደረሳት አንዲት የቱላ እናት ብቻ ቀርታ ነበር። ጃንጥላቸውን ይዤ በባጃጅ ቱላ ሄድኩ።

እናትየዋ እንሰት እየፋቀች ነበር።

"ከዶክተሯ ዘንድ ነው የመጣሁት። ልጅሽ ምንም አልተገኘበትም" አልኳት።

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ ጃንጥላውን፣ ቀጥሎ እኔን አየችና ሥራዋን አቆመች።

"ደህና ቢሆኑ ኖሮ ራሳቸው ይመጡ ነበር" አለች። "መቼ አረፉ?"