ከግቢ በራችን ላይ ያስነሳኋት ላም

ዛሬ ጠዋት ከክፍል ስወጣ ነው የተደወለልኝ። «ጋሽ ኤርጫፎ አረፈ» አሉኝ። «የትኛው ኤርጫፎ?» አልኩ፣ ሌላ የማውቀው ኤርጫፎ ያለ ይመስል።

ትናንት እኮ በባጃጅ ሳልፍ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ እጁን አንስቶልኛል። አሁንም አልተዋጠልኝም።

ሆሳዕና ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፣ የአንጋጫ ልጅ ነው፤ የሰፈራችንን ግማሽ በርና መስኮት የበየደው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ለሥራ ዲላ ወርዶ ገደል ላይ የተቀረጹ የጥንት ላሞች አይቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። ቁርጥራጭ ፌሮ፣ አሮጌ በርሜል፣ የተጣለ ላሜራ እየለቃቀመ እነዚያን ላሞች በብረት መሥራት ጀመረ። ቀንዳቸው ረጅም፣ ጭንቅላታቸው ትንሽ፣ ጡታቸው ትልቅ። ዓይን የላቸውም።

ቤት ስንሠራ የግቢውን በር የሠራልን እሱ ነው። እኔ እንደ ጎረቤቶቼ አንበሳ ነበር ያዘዝኩት። ሊገጥም ሲያመጣው መሃሉ ላይ ላም ቆማለች።

«ጋሼ፣ ዓይኗስ?»

«ዓይኑን ተዪው ቲቸር፣ ጡቷን እዪ። ያን ጊዜ የቀረጻት ሰው ወተት የጠገበ ሰው ነው።»

ሳምንት አልቆየችም። ሰው ጆግ ይዞ እየመጣ «ወተት አለ?» እያለ ያንኳኳ ጀመር። ባሌ ሳቀ፤ እኔ ግን አፈርኩ፣ ተናደድኩም። «አንሳልኝ» አልኩት። በግራይንደር ቆርጦ አወጣት፣ የበየደበትንም ሞርዶ ቀባልኝ። ተሸክሟት ሲሄድ ፊቱን ማየት ከበደኝ።

ብየዳ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀላት። ስንት ሰው ሊገዛት ለመነው። መልሱ አንድ ነበር፣ «ባለቤት አላት።» እኔ ባለፍኩ ቁጥር ደግሞ «ቲቸር፣ ላምሽ ሳር አማራት» ይለኛል። እስቃለሁ፣ «ቅዳሜ እወስዳታለሁ» እላለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ እወዳት ነበር። ከቆረጣት ማግስት ጀምሮ በሩ ባዶ ሆኖብኛል። እልኸኛ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ፤ «ጋሼ ተሳስቻለሁ፣ መልስልኝ» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስንት ቅዳሜ አለፈ።

ዛሬ ልቅሶ ስደርስ ሚስቱ አቅፋኝ አለቀሰች። ትንሽ ረጋ ስትል «ያቺ ላም ያንቺ ናት፤ ለማንም እንዳትሰጡ ይለን ነበር» አለችኝ።

ጋሽ ኤርጫፎ፣ ይቅር በለኝ። ቅዳሜ እወስዳታለሁ፣ አሁን የምሬን ነው። የሞረድከው ቦታ ዛሬም በእጅ ሲዳስሱት ያስታውቃል፤ እዚያው ትቆማለች። ማን እንደሚበይዳት ገና አላውቅም፣ አንተ ብትሆን ነበር ደስ የሚለኝ።

ወተት ብሎ የሚያንኳኳ ሰው ከመጣም፣ ከጎረቤት ገዝቼም ቢሆን አጠጣዋለሁ።

ደህና ሁን ጋሼ።