መጀመሪያ ተክሉ ይጽደቅ

በመዝገብ ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ የኖረውን ሰው፣ ከሚስቱ በቀር በስሙ የሚጠራው የለም። ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ጋሼ ነገ» ነው። ፋይል ሲጠይቁት ነገ፣ መስኮት ክፈት ሲሉት ነገ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል» ትላለች ጸሐፊዋ፤ «የጋሼ ነገ ግን ገና ተኝቷል።»

ስለዚህ አዲሷ ሥራ አስኪያጅ አራት ተክሎች አስገዝታ «ማን ይንከባከባቸው?» ስትል፣ ጸሐፊዋ እሱን የጠቆመችው ለቀልድ ነበር። ቢሮው ሳቀ። ሥራ አስኪያጇ ግን ቀልዱ ስላልገባት ስሙን ጻፈች።

«ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተተክለው ሞቱ አሉ። እነዚህም በሦስት ወር ውስጥ ከሞቱ ፕላስቲክ አበባ አስመጣለሁ።»

ጋሼ ነገ አልሳቀም። በዚህ ቤት ሕይወት ያለው ነገር አደራ ሲሰጠው የመጀመሪያው ነው፤ እንዳይሞትበት ፈራ።

በየጠዋቱ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይከታል፣ ጥቂት ያስባል፣ ያወጣል።

«ዛሬም አላጠጣሃቸውም?» ትለዋለች ጸሐፊዋ።

«ነገ።»

በሁለተኛው ወር፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ተክል ከሥሩ ቢጫ ሆኖ ዘመመ።

«ገደልከው ጋሼ። በውሃ ጥም ገደልከው።»

ጣቱን ከተተ። አፈሩ ጭቃ ነው። እሱ ካጠጣው ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን አልፏል። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ግንዱ ሥር የሻይ ቅጠል አገኘ።

«ይኼ የማን ሻይ ነው?»

ሒሳብ ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው፣ አሳዘነኝ። አንተ እንደሆንክ ነገ ነህ።»

«እኔም ጠብ ነው ያደረግኩለት» አለች ጸሐፊዋ። «ለነፍሴ ብዬ።»

ለካ ጥበቃው ሳይቀር በየጠዋቱ አንድ ጣሳ ያፈስለት ኖሯል።

«ጉድ ነው» አለ ጋሼ ነገ። «እናንተ ልትጸድቁ ብላችሁ እሱን እንዳይጸድቅ አደረጋችሁት።»

ያን ቀን ፋይል የጠየቀ ሁሉ ጠበቀ። ተክሉን ነቅሎ የበሰበሰውን ሥር በመቀስ ቆረጠ፤ ከታች ቀዳዳ ባለው ማሰሮ፣ አሸዋ በበዛበት ደረቅ አፈር መልሶ ተከለው። ከዚያ ወንበሩን ጎትቶ ከአራቱ ተክሎች ፊት ተቀመጠና ብርጭቆ ይዞ የሚመጣውን በዓይኑ ይመልስ ጀመር። ለሳምንታት ሌላ ምንም አላደረገም፤ ምንም አለማድረግን ደግሞ እንደ እሱ የሚያውቅበት አልነበረም።

ሦስተኛው ወር ሲሞላ ሥራ አስኪያጇ ፕላስቲክ አበባ ነጋዴውን አስከትላ መጣች። ነጋዴው ካርቶኑን ከፈተ። እሷ ግን ተክሉ ላይ እንዳጎነበሰች ቀረች፤ ከጎራዴዎቹ መሃል ጣት የሚያህል አዲስ ቀንበጥ ወጥቷል።

«በስንት ቀን ነው የሚያጠጡት?»

«በሁለት ሳምንት አንድ ብርጭቆ። ሲበርድ እሱም ይቀራል።»

ነጋዴው ካርቶኑን መልሶ አሰረ። ጸሐፊዋ አጨበጨበች፤ ሒሳብ ሹሙ ተከተላት።

«እንግዲያው ለእኔም ክፍል አንድ ይምረጡልኝ» አለች ሥራ አስኪያጇ።

ጋሼ ነገ ክፍሏ ገብቶ የብርሃኑን ልክ ለማወቅ መዳፉን በሩ አጠገብ ዘረጋና ጥላውን አየ። ደብዛዛ ነው። ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ከጠረጴዛው በላይ ደገመው፤ ጥላው ጠቆረ።

«እዚህ ምንም ቢተከል ይበቅላል። ጠረጴዛዎ ግን ቦታውን ይለቃል» አለና አንዱን ጫፍ ያዘ።

ሌላውን ጫፍ ሥራ አስኪያጇ አነሳች።