ለሃዊ ሠርግ የተበጠበጠው ብርዝ

እፀገነት ጉለሌ ውስጥ ጠጅና ጠላ እየሸጠች ነው ልጆቿን የምታሳድገው። ጎረቤቷ እትዬ አጸደ ጴንጤ ናቸው፤ ጠጅ ደጃቸው አይደርስም። ልጃቸውን ሃዊን ሲድሩ ግን የሠርጉን ብርዝ እንድታዘጋጅ ለእሷ ሰጡ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች፣ ለሠርግ መጠጥ ከጠጅ ቤት ይታዘዛል ወይ ብለው አጉረመረሙ። እትዬ አጸደ፣ ብርዝ ማርና ውኃ ነው፣ ሴትዮዋንም አውቃታለሁ ብለው ዋስ ቆሙላት። ነገሩ ቢበላሽ የሚዋረዱት እሳቸው ናቸው።

በዋዜማው ማሩን በጠበጠች። አዲሶቹ ጀሪካኖች ስላልበቋት ከጠጁ ጀሪካኖች አንዱን በፈላ ውኃ ደጋግማ አጥባ ሞላችው። ጠጅ የለመደ ዕቃ በዋዛ አይለቅም፤ የገባበትን ሁሉ ያፈላዋል። ይህን እያወቀች፣ ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል አለች።

በማግስቱ ሙሽሮቹ ዘገዩ። ድንኳኑ በፀሐይ ጋለ። መጡ ሲባል በጥድፊያ ያገኘችውን ጀሪካን ከፍታ ጆግ ሞላች፤ አሳላፊዋ ይዛው ሄደች። ክዳኑ ሲላላ «ፍስስ» ማለቱ ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው። ቀመሰችው። ምላሷን ቆነጠጣት።

ቀና ስትል ጆጉ የሙሽራው አባት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ጉታ ፊት ተቀምጧል። ብርጭቋቸው ሞልቷል፤ የቀረው ጸሎቱ እስኪያልቅ ነው። ዝም ብትል ማን ያውቃል? እንዲያውም ይጣፍጣቸው ይሆናል። ዝንብ ገባበት ብላ ማንሳትም አለ። እትዬ አጸደ ከማዶ ያዩአታል።

«አሜን» ሲባል ደርሳ ብርጭቆውን ያዘች።

«ይቅርታ አባባ፣ ይሄ መፍላት ጀምሯል። የጠጅ ዕቃ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እትዬ አጸደ አያውቁም።»

ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠ፣ ካጉረመረሙት አንዱ የሆነ ሰውዬ፣ «ብለን ነበር» አለ።

አቶ ጉታ ብርጭቆውን ለቀቁላት። «ሌላውስ?»

«ሌላው አዲስ ጀሪካን ውስጥ ነው።»

«አምጪው።»

የቀሩትን ክዳኖች አንድ በአንድ ጆሮዋን አስጠግታ ከፈተች። አንዱም ትንፍሽ አላለም። ከሁሉም ቀምሳ ጆጉን አጥባ ሞልታ ተመለሰች።

«መጀመሪያ አንቺ» አሏት።

መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ፊታቸው ቀመሰች። አቶ ጉታ ዓይናቸውን ከፊቷ ሳይነቅሉ ንጹሕ ብርጭቆ ዘረጉ። ጠጡ። ማሩ የየት እንደሆነ ጠየቋት፤ የጅማ ነው አለቻቸው።

«እንግዲያው ለእሱም ቅጂለት» አሉ፣ ሰውዬውን በአገጫቸው እያመለከቱ፤ «ሲናገር ጉሮሮው ደርቋል።»

ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ ቀዳችለት።