የወንድም ኪኒን በቁልፍ ጣሳ

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ነገር አትወድም፤ የተንሻፈፈ ስፌትና የታላቅ ወንድሟን ምክር። ወንድሟ ጎማ ጠጋኝ ነው። ከሬዲዮ የሰማውን ሁሉ ራሱ እንዳገኘው ስለሚያወራ፣ ጋራዥ ውስጥ "ፕሮፌሰር" ይሉታል። እሷ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ሕክምና ስትጀምርማ ጭራሽ ባሰበት።

አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዋ ላይ አንዲት ነጭ ኪኒን አስቀመጠ።

"ምንድን ነው ደግሞ?"

"የኮሌስትሮል መድኃኒት። የካንሰር ሕክምናን ያግዛል ተብሏል፣ በሬዲዮ!"

"ባለፈው ወር የሎሚ ልጣጭ ነበር።"

"አንቺ ልጅ፣ ወሬውን ተይና ዋጪ።"

ሐኪሟን ጠየቀች። "እየተጠና ነው፤ ግን ገና አልተቋጨም" አላት። "ቢረዳም ከሕክምናው ጎን እንጂ በሕክምናው ፋንታ አይደለም። እኔ ሳላዝዝልዎት እንዳይነኩት።"

ወንድሟ ለአንድ ጊዜ ግማሽ እውነት መናገሩ ይበልጥ አበሸቃት። ክርክሩን ማን ይችለዋል ብላ ሐኪሙ ያላትን አልነገረችውም። በየጠዋቱ ኪኒኗን ሲያመጣ "እሺ" ትልና፣ ጀርባውን ሲያዞር የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበት ጣሳ ውስጥ ጠብ ታደርጋታለች።

ፊቷ ትንሽ ወዛ ሲል ፕሮፌሰሩ ጋራዡን በአንድ እግሩ አቆመው። ደንበኞቿ "ወንድምሽ አዳነሽ አሉ" ሲሏት፣ ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ "አዎ፣ እንደ ጎማ ለጠፈኝ" ትላለች።

ከዚያ አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ሆስፒታል ደረሰች።

"የልብ ሕመምተኛ ሆነው የኮሌስትሮል መድኃኒቱን ለምን አቋረጡ?" ይላል የልብ ሐኪሙ።

ወንድሟ ግድግዳውን እያየ "ለእህቴ ሰጥቻት ነው" አለ። "ለሁለት አይበቃም።"

ኪኒኗን ከየት እንደሚያመጣት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም ነበር።

በማግስቱ ጣሳውን ይዛ መጥታ አንሶላው ላይ ገለበጠችው። ኪኒኖቹ ከኮትና ከሸሚዝ ቁልፎች ጋር ተንኮለኮሉ።

"አንዲትም አልዋጥኩም።"

"ታዲያ ፊትሽ የወዛው?"

"በሕክምናው ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ!"

ቁልፎቹን አገላብጦ አየ። "እኔ ለዚህ ነው ልቤ ሊቆም የነበረው?"

"ለሬዲዮህ ነው። እኔ አንተን ቀብሬ በማን ልሳቅ?" ኪኒኖቹን ከቁልፎቹ መለየት ጀመረች።

ነርሷ አዲስ ኪኒን ሰጠችው፤ በውሃ አወራረደ።

"አፍህን ክፈት" አለች እህቱ።

ከፈተ።

"ምላስህን አንሳ።"

"ዋጥኩ እኮ!"

አላመነችውም። ያልተዋጠ ኪኒን የት እንደሚገባ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።