ወደኋላ የሚወጣው ጂፕ

ከዚህ በፊት ለዘመድ ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ትናንት አባባ ጂፑን ሸጠው። ገዢው እየነዳ ሲወጣ ሁላችንም በር ላይ ቆመን አየነው። ወንድሜ የሄደበትን ጠዋት ከቤታችን ማንም በአፉ እንደማያነሳው ስለማውቅ እኔው ልጻፈው አልኩ።

ቤታችን ኮልፌ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ ቁልቁለቱ ሥር ነው። አባባ በዚያ አሮጌ ጂፕ ከአስኮ ማዶ ካሉ ገበሬዎች ድንች እያመጣ ነበር የሚያሳድገን። ጂፑ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ነበር። አንድ ክረምት የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ረጅም ዘንግ መጋጠሚያው ላይ ተሰበረ። መለዋወጫ የትም ጠፋ። አባባና ወንድሜ ዘንጉን ፈትተው ከበሩ ጀርባ አቆሙት። ከዚያ ወዲያ ጂፑ በፊት ጎማዎቹ ብቻ መሄድ ጀመረ።

ሜዳ ላይ ምንም አይልም። የኛ ዳገት ግን ጭቃ ነው። ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ ወደኋላ ይሄድና የፊት ጎማዎቹ እዚያው ይሽከረከራሉ። መላውን ያገኘው ወንድሜ ነው። አዙሮ በኋላ ማርሽ አወጣው። ኮፈኑ ላይ ሰው ከተቀመጠበትማ ጎማው ጭቃውን ንክስ ያደርጋል። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ያንን ዘንግ ስለነበር እሱም አብሮ ቀረ። ስለዚህ በቆመ ቁጥር ጎማው ሥር ድንጋይ ይገባል። ድንጋዩ የኔ ሥራ ሆነ።

ከኋላው በጎን እየሄዱ መንገድ ማሳየትም የኔ ነበር። «ና! ና!» ብዬ መጮህ ሲያቅተኝ ወንድሜ፣ «ተይው እቴ፣ አፍሽ እምቢ ካለ እጅሽ ያውራ» አለኝ። የጂፑን ቆርቆሮ አንዴ ከመታሁ ና ነው፤ ሁለቴ ከመታሁ ቁም።

ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ባየን ቁጥር፣ «አድኃሪው መጣ! ዞር በሉለት!» ይላል። በዚያ ዘመን ሰው የሚያሳስር ቃል ነው። አባባ እየሳቀ፣ «ኧረ ቀስ በል አንተ ሰውዬ፣ ልታስበላኝ ነው!» ይለዋል።

ከዚያ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ልጁ ካልቀረበ አባትየው ይታሰራል ተባለ። እማዬ ገጠር ዘመድ ጋ ሄዶ ይደበቅ ብላ ለመነች። ወንድሜ፣ «አባባን አሳስሬ እኔ እዚያ ቆሎ ልቆረጥም ነው?» አለና ሳቀ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

የሚሄድበት ጠዋት አባባ እስከ ጦር ኃይሎች ሊያደርሰው ተነሳ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ጂፑ ዳገቱን እንዳይወጣ ለእመቤቴ ተሳልኩ። ወንድሜ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ኮፈኑ ላይ ተቀመጠ። ጫማ ሰፊው ከቤቱ ወጣ፤ ያን ቀን ግን ኮፍያውን ብቻ አወለቀ።

መንገደኛ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ወንድሜ ግን ፊቱን ወደ ቤታችን አድርጎ ሄደ። እማዬ ነጠላዋን ነክሳ አጥሩን ይዛ ቆማለች። እኛ ወደኋላ ወደኋላ እየወጣን እሷ እያነሰች ሄደች። እሱ ዓይኑን ከሷ ላይ አልነቀለም።

ዳገቱ መሃል ላይ ሳላስበው እጄ ቆርቆሮውን ሁለቴ መታ።

አባባ ፍሬን ያዘ። «ምንድን ነው? ጉድጓድ አለ?»

«የለም።»

ወንድሜን አትሂድ ልለው ነበር። ቃሉ አልወጣም። አባባ አንገቱን እንደጠመዘዘ አየኝ። አልተቆጣኝም፤ ጂፑንም አላንቀሳቀሰውም። ሞተሩ እያጉረመረመ ቆምን። አባባም ዳገቱን መውጣት እንደማይፈልግ ያኔ ገባኝ።

ወንድሜ ዞር እንኳ ሳይል እጁን አነሳና ኮፈኑን አንዴ መታው።

አባባ ነዳ።

መለዋወጫው የወንድሜ መርዶ ከመጣ በኋላ ተገኘ። አባባ ግን ዘንጉን አልገጠመውም። እስከ ትናንት ድረስ ያ ጂፕ ዳገቱን ወደኋላ ሲወጣ ኖረ።

ያን ጠዋት አስፋልቱ ጫፍ ስንደርስ ወንድሜ ከኮፈኑ ዘሎ ወረደ። ድንጋዩን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ከጎማው ሥር አስገባው። ከዚያ አባባ በኋላ ማርሽ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ጦር ኃይሎች ሊያዞር ሲል ድንጋዩን መልሶ አወጣው። ሌላ ጊዜ ድንጋዩ መኪናው ውስጥ ነበር የሚጣለው። ያን ቀን ጭቃውን በሱሪው ጠርጎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና እንዲህ አለኝ፦

«አባባ ብቻውን ነው የሚመለሰው። ድንጋዩን ይዘሽ እዚሁ ጠብቂው፣ እሺ እቴ?»