መርማሪውና የጠፋው ፓምፕ

ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መሥራት ያቃጥላል፤ ምን ልዋሽ። ቢሮው በሙሉ «መርማሪው» ነው የሚለው። ሻይ ብትጋብዙት «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጋችሁ ነው?» ይላል። ወንበሩ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ማን እንደተቀመጠበት ሳያጣራ ሥራ አይጀምርም። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ መሯት ጠረጴዛውን መወልወል ትታለች።

ሥራችን የፋብሪካ ፍሳሽ ከመሬት በታች ካለው ውሃ ጋር ወዴት እንደሚጓዝ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ስሌቱ ክፍል ክፍል አለው፤ የውሃው ፍሰት፣ አፈሩ ይዞ የሚያስቀረው ቆሻሻ፣ ፓምፖች የሚስቡት። እያንዳንዱን ማጥፋትም ማብራትም ይቻላል። መርማሪው ስሌቱንም ስለማያምን ሁሉንም ያጠፋና አንድ በአንድ እያበራ «አንተ ነህ የምትዋሸኝ?» ይላል። ከስክሪን ጋር ሲጨቃጨቅ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኛል።

እህቱ ፍሳሹን ከምናሰላለት የቆዳ ፋብሪካ ብዙም ሳትርቅ ቤት ሠርታ ጉድጓድ አስቆፍራለች። አምና «ልጆቼን ከዚህ ላጠጣ?» ብላ ጠየቀችው። እሱም አስልቶ ፍሳሹ ወደ እሷ እንደማይመጣ ነገራት።

ሰሞኑን ፋብሪካው ሊስፋፋ ነው ተባለና ያንኑ ስሌት ድጋሚ ከፈተው። ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ።

«እስቲ ነይ፣ ይቺን እዪልኝ» አለኝ።

ከእህቱ ቤት ማዶ ያለው የብሎኬት ማምረቻ ፓምፕ ስሌቱ ውስጥ ጠፍቷል። የሚስበው የውሃ መጠን በቦታው ተጽፏል፤ አጠገቡ መኖር ያለባት የማብሪያ ምልክት ግን የለችም። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው በርቷል ብሎ ያልፈዋል።

«ያጠፋው አለቃ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከፋብሪካው ባለቤት ጋር ምሳ ሲበላ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ጥርጣሬው እኔም ላይ ተጋባብኝ። የአለቃችን ፈገግታ ድሮም አይጥመኝም።

ተያይዘን አለቃው ቢሮ ገባን። መርማሪው ያለ የሌለውን ዘረገፈበት። አለቃው እስኪጨርስ ጠብቆ መነጽሩን አወለቀ።

«ወንድሜ፣ ስሌቱ የሚከፈትበትን የይለፍ ቃል ስንቴ ለመንኩህ? ሰጥተኸኛል?»

አልሰጠውም። ለእኔም አልሰጠኝም። ሰው እንዳይነካበት ብሎ የቆለፈው ራሱ ነው፤ ከእሱ በቀር የከፈተው የለም። ሲመረምር ያጠፋውን ፓምፕ መልሶ ሳያበራ ነው ለእህቱ መልስ የሰጣት። ስንት ዓመት ያቃጠለኝ ሰውዬ አንጀቴን በላው።

ወደ ክፍላችን ተመልሶ ፓምፑን አበራና ስሌቱን አስጀመረው። ፍሳሹን የሚያሳየው ቀይ ቀለም ቀስ እያለ ዞረ፤ ወደ ፓምፑ ሲሳብ በእህቱ ጉድጓድ በኩል አለፈ።

ስልኩን አንስቶ እህቱ ጋ ደወለ።

«እህት ዓለም፣ ውሃውን አትጠጡት። ተሳስቼ ነው።»

ድምፅዋ ለእኔም ተሰማኝ።

«ጎረቤቱ ሁሉ ውሃው ይሸታል፣ ተዪው ሲለኝ፣ ወንድሜ ማንንም የማያምን ሰው ነው፤ እሱ ካለ አለ ነው እያልኩ አጠጣኋቸው።»