ይታይሽ የደበቀችው ዕጢ

ይታይሽ መቀመጥ አታውቅም። ጥርባ ከሚባለው ቦታ አጠገብ ከባሏ ከዓለምነው ጋር ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ። ጉድጓድ ውስጥ በአፈር የተዳፈነው እንጨት አየር ካገኘ ነድዶ አመድ ስለሚሆን፣ እሷ ጉድጓዱን ስትዞር ትውላለች። ባሏ ቀዶ ጥገና በገባ ዕለትም በሐኪም ቤቱ ኮሪደር እንዲሁ ስትንቆራጠጥ ዋለች።

ዓለምነው ሆዱ ተነፍቶ ሰውነቱ መንምኖ ከርሟል። «ጥር ላይ ከፈረስ ወድቄ ነው» እያለ በወጌሻ ሲታሽ ቆይቶ፣ እህል አልወርድ ሲለው ቆሰበር ሐኪም ቤት አመጡት። የሆድ ቲቢ አንጀቱን ዘግቶት ነበርና በቀዶ ጥገና ከፈቱት።

ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ናርዶስ ወጣች።

«የተዘጋውን አንጀት ቆርጠን ቀጥለናል። ቲቢው መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱለት ይድናል። ግን ያልፈለግነውም ተገኘ፤ ትርፍ አንጀቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ዕጢ ነበረች። አውጥተን ናሙናውን ባሕር ዳር ልከናል። ክፉ ትሁን ደግ ገና አናውቅም።»

ይታይሽ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ዕጢ» የምትለዋን ብቻ ነው።

«በወላዲቷ ዶክተርዬ፣ ለእሱ እንዳይነግሩት!»

«ከጠየቀኝ አልዋሽም» አለች ናርዶስ።

ዓለምነው አልጠየቀም። በእኛ አገር ክፉ ወሬ የሚነገረው ለዘመድ እንጂ ለሕመምተኛው አይደለም፤ ይታይሽም ለባሏ ታላቅ ወንድም ለይኸነው ሹክ አለችው። ወንድማማቾቹ በድንበር ባሕር ዛፍ ተጣልተው ከተኳረፉ ብዙ ዘመናቸው ነው። ያ ኩሩ ሰው ማር ይዞ መጣና አልጋው ሥር ተንበርክኮ «ይቅር በለኝ» አለ! ደግ ነገር ነው፤ ግን እንዲህ ተደርጎ ምሥጢር ይጠበቃል? ዓለምነው ይቅር አለው። ከዚያ ወዲህ ስለ ከሰሉም ስለ ፈረሱም መጠየቅ ተወ።

ቤት ከገቡ በኋላ የይታይሽ ልብ አላርፍ አለ። ስልኳ በጮኸ ቁጥር የናሙናው ውጤት መስሏት ትበረግጋለች፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩን ይዛ ጉብታ ላይ ትወጣለች። ባሏ ዕለት ዕለት ይመነምናል። አንድ ጧት ፍራሹን ልታሰጣ ስታነሳው የቲቢው ኪኒን ሥሩ ተከማችቶ አገኘች።

«ምን ማድረግህ ነው አንተ ሰው?» ብላ ጮኸችበት።

ኪኒኖቹን ሰብስባ ባጃጅ አስጠርታ ቆሰበር ወሰደችው። ናርዶስ ኪኒኖቹን አይታ በጣም ተናደደች። ከዚያም ሁለቱንም አስቀምጣ ስለ ዕጢዋ አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

«ውጤቱ ዛሬ ደርሷል። ክፉ አይደለችም፤ ወጥታለች፣ በቃ። እርስዎን የሚገድልዎት ያልዋጡት ኪኒን ነው።»

ዓለምነው ዞሮ ሚስቱን አያት።

«ይኸነው ሲንበረከክ ነው መሞቴን የሰማሁት» አለ። «ሁላችሁም ካወቃችሁት፣ ለሚሞት ሰው ኪኒን ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት።»

ይታይሽ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። ባሏን ከሐዘን አድናለሁ ብላ በገዛ እጇ ልትቀብረው ነበር። እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዷ ያዛት።

«ሞቴም ቢሆን የኔ ነው» አላት። «መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ።»

ከዚያ መድኃኒቱን እንዲሰጡት ለናርዶስ እጁን ዘረጋ።